ይዞ የመልቀቅ የዓሣ ውድድር፦ ከጅማ ተነሥቶ ግልገል ጊቤ ላይ

የወዳጅነት ውድድር ሲያስቡት ቀላል ነው። ዘንግ ያለው ዘንጉን ይዞ ይመጣል፤ ዓሣ ይያዛል፣ ይለካል፣ ይለቀቃል፣ ቡና ይጠጣል። ጣጣው መልቀቁ ላይ ነው። ሰው ሲወዳደር ይቸኩላል። ሲቸኩል ዓሣውን ደረቅ አፈር ላይ ይጥለዋል፣ ለፎቶ ያንጠለጥለዋል፣ ከዚያ ወደ ውሃው ወርውሮ «ይኸው ለቀቅኩት» ይላል። ዓሣው ግን ትንሽ ቆይቶ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል።

ስለዚህ ውድድሩን ስታዘጋጁ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ወስኑ። ነጥብ የሚመዘገበው ዓሣው ሲያዝ ሳይሆን በራሱ ጉልበት ዋኝቶ ሲሄድ ይሁን። የቀረው ደንብ ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

ፍላይ ፊሺንግ ለማያውቅ ባጭሩ፦ መንጠቆው ላይ ትልም ሊጥም አይደረግም። ከላባና ከክር የተሠራ ነፍሳት መሳይ ነገር ይታሰርበታል፤ «ፍላይ» የሚሉት እሱን ነው። ምንም ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው በራሱ በወፍራሙ ክር ክብደት ነው። ለመልቀቅ የሚመቸውም ለዚህ ነው፦ ዓሣ ትልን ውጦ ሆዱ ድረስ ያስገባዋል፣ ፍላይን ግን ቀምሶ ሊተፋው ሲል አብዛኛውን ጊዜ ከንፈሩ ላይ ይያዛል።

ቦታና ቀን

የአዌቱ ወንዝ ከተማችንን ጅማን ሰንጥቆ ያልፋል። ግን የከተማው ፍሳሽ ስለሚገባበት እርሱት። የቦዬ ረግረግ ቅርብ ነው፣ ያምራልም፤ ነገር ግን ጉማሬዎቹ ባለቤት ናቸው። ለውድድር የሚሆነው የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ነው። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ከጅማ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሚኒባስ ተከራይታችሁ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከተነሣችሁ ሰርቦን አልፋችሁ ፀሐይ ሳትበረታ ትደርሳላችሁ።

ወሩ ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። ክረምት ላይ ወንዞቹ ደለል ይዘው ስለሚገቡ ውሃው ቡና በወተት ይመስላል፤ ዓሣው ፍላዩን አያየውም። ሌላም ምክንያት አለ። ቢልጫ የሚባለው ዓሣ በዝናብ ወራት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣል። በዚያን ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ መልቀም ለክበብ ነውር ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ይሁን። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ደግሞ ግማሹ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። ረመዳንም ላይ አታድርጉት። ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲወረውር የዋለ ሰው ውሃ ሳይጠጣ ማየት ያሳዝናል።

ፈቃድ፣ እና የሐይቁ ሰዎች

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ፤ ክልሉም የራሱ አሠራር አለው። እናንተ ግን ጠበቃ መሆን አይጠበቅባችሁም። ከሁለት ሳምንት በፊት በአካባቢው ወረዳ ዓሣ ሀብትን ወደሚይዘው የግብርና ቢሮ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ የት እንደምትቆሙ፣ የተያዘው ሁሉ እንደሚለቀቅ ይጻፍበት። ማኅተም ያረፈበትን መልስ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። ግድቡ የኤሌክትሪክ ማመንጫ መሆኑን አትርሱ። ወደ ግድቡ ግንብና ወደ ማስተንፈሻው አትጠጉ፤ ጥበቃዎቹ ቀልድ አያውቁም፣ ልክም ናቸው።

ከደብዳቤው የሚበልጠው ግን ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር የሚደረገው ወሬ ነው። እነሱ በመረብ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ሽማግሌ አጥማጅ መጥተው «ልጄ፣ ከለቀቅከው ምን ብለህ ያዝከው?» ሲሉህ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ንግግር አትጀምር። «አባባ፣ እኛ የመጣነው ለጨዋታ ነው፤ ምሳችንን ከእርስዎ ነው የምንገዛው» በል። እውነትም ግዙ። የክበቡ ምሳ ሙሉ በሙሉ ከአጥማጆቹ ጀልባ ይምጣ፣ የእናንተ ዓሣ ውሃው ውስጥ ይቅር። እኔ ካየሁት ዘዴ ሁሉ ሁለቱን ወገን ያስማማው ይሄ ነው።

ሌላም ትጠይቋቸዋላችሁ። መረብ የት የት ተዘርግቷል? ጉማሬ የሚወጣው በየት በኩል ነው? ጠርዙ ጭቃ የሆነውና ሰው የሚውጠው የቱ ጋ ነው? ከመካከላቸው ሁለት ሰው በቀን አበል ቀጥራችሁ አብረዋችሁ ይዋሉ። ጀልባ ላይ የሚወጣ ካለ ያለ ሕይወት አድን ጃኬት አይወጣም፤ «ዋና እችላለሁ» ሰበብ አይደለም።

ዕቃ

ለጊቤ ቁጥር 5 ወይም 6 ዘንግ ይበቃል (ቁጥሩ ዘንጉ የሚወረውረውን ክር ክብደት ያሳያል)፣ ርዝመቱ 2.7 ሜትር ገደማ። የሚንሳፈፍ ክር። ከፊቱ የሚቀጠለው ግልጽ ናይለን ደግሞ ጫፉ ከ3 እስከ 4 ኪሎ የሚችል ይሁን። እዚህ ላይ ሰው ይከራከራል፤ «ቀጭን ክር ላይ ትልቅ ዓሣ ማውጣት ነው ጀግንነቱ» ይላል። ለዓሣው ጀግንነት አይደለም። ክሩ በቀጠነ ቁጥር ትግሉ ይረዝማል፤ ትግሉ ሲረዝም ዓሣው ተዝለፍልፎ ነው የሚመጣው። በክሩ ዝቅተኛ ጥንካሬ ላይ ደንብ አውጡና ጠዋት ፈትሹ።

የእጅ መረቡ ከጎማ የተሠራ ወይም ቋጠሮ የሌለው ጥልፍልፍ ይሁን። ሻካራ የናይለን መረብ ቅርፊት ይልጣል፣ የሚያሙለጨልጨውን ሽፋንም ይገፍፋል። ያ ሽፋን ነው ዓሣውን ከሻጋታና ከቁስል የሚጠብቀው። መለኪያ ጣውላውን አናጢ ይሥራላችሁ፦ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ አንድ ጫፉ ላይ ቆሞ የአፍ መደገፊያ የሚሆን ቁራጭ፣ ከላዩ የተለጠፈ ሜትር። ነጭ ቀለም አትቀቡት፤ ፀሐይ ላይ ፎቶው ይነጣል።

ፍላዩን እዚሁ ማሰር

ፍላይ ከውጭ ማስመጣት ይቻላል፣ ግን ዋጋው አይቀመስም። የበዓል ሰሞን ደግሞ ጥሬ ዕቃው በየቤቱ ይጣላል። ለእናታችሁ ንገሩና ዶሮው በፈላ ውሃ ከመነከሩ በፊት የአንገቱን ላባ ለቅማችሁ ያዙ። ቀይ አውራ ዶሮ ጥሩ ነው። ገብስማ ከተገኘ ግን ሎተሪ ነው፤ ጥቁርና ነጩ የተዘባረቀው ላባ ውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

አሠራሩ ይህ ነው። ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ በትንሽ ሞርሳ አስጨንቁ። የልብስ ስፌት ክር ከመንጠቆው ዓይን ጀምራችሁ እስከ መታጠፊያው ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ። ከላባው ሥር የሚገኘውን ለስላሳ ብናኝ መሳይ ክፍል ቆንጥራችሁ እንደ ጅራት እሰሩ፤ ርዝመቱ ከመንጠቆው አይብለጥ። የገብስማውን ላባ በቀጭን ጫፉ በኩል እዚያው ጅራቱ ሥር እሰሩና ለጊዜው ተዉት። ጥቁር ወይም ወይራ ቀለም ያለው የሱፍ ክር ወደ ዓይኑ እየጠመጠማችሁ ገላውን ሥሩ። ከዚያ ላባውን በሱፉ ላይ እያዞራችሁ አምጡት። አራት አምስት ዙር ይበቃል፤ ፀጉሩ በየአቅጣጫው ይቆማል። ከዓይኑ ኋላ ቋጥሩ፣ ቁረጡ፣ ቋጠሮው ላይ ግልጽ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጉ። ቢልጫ ይህችን ይወዳታል። ቆሮሶ (ቴላፒያ) ለሚባለው ዓሣ ያንኑ ነገር ያለ ጅራት፣ በቁጥር 12 ወይም 14 መንጠቆ አሳንሳችሁ ሥሩ፤ የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ቆሮሶ በአብዛኛው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አልጌ ስለሚበላ ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ ፍላዩን ቀስ፣ በጣም ቀስ አድርጋችሁ ነው የምትስቡት።

አሁን ወደ ዋናው። መንጠቆ ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረች እሾህ አለችው። ያቺን በፒንሳ ጨፍልቋት። የተጨፈለቀች መሆኗን ለማወቅ ፍላዩን የጥጥ ጨርቅ ላይ ወግታችሁ ሳቡት። ክር ሳይመዝ ከወጣ አልፏል። ከያዘ እንደገና ፒንሳ። ይህን ፍተሻ ዳኛው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ለእያንዳንዱ ፍላይ ያድርግ፤ ሰልፉ ቢረዝምም። እሾህ የሌለው መንጠቆ ለጓደኛችሁ ጆሮም ይሻላል፤ ነፋስ ባለበት ቀን ፍላይ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ለዚህም ነው ኮፍያና መነጽር ግዴታ የሚሆነው።

አመዳደብ

ተወዳዳሪዎች ሁለት ሁለት ይሁኑ። አንዱ ሲያጠምድ ሌላው ዳኛ ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየራሉ። ጥንዱ በዕጣ ይውጣ። ጓደኛሞች አብረው ከሆኑ ሴንቲ ሜትሩ መርዘሙ አይቀርም። በጥንዶች መካከል ቢያንስ 30 ሜትር ይተው። ዕጣውን ጀማሪን ከልምድ አዋቂ ጋር እንዲያጣምር አድርጋችሁ ካወጣችሁት ደግሞ ውድድሩ ትምህርት ቤትም ይሆናል። ከሳምንት በፊት ጀማሪዎቹን ሣር ሜዳ ላይ አውጧቸው፤ አሮጌ ጎማ መሬት ላይ አስተኝታችሁ መንጠቆው የተቆረጠ ፍላይ ጎማው ውስጥ እንዲያሳርፉ አለማምዷቸው።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 እስከ 5 ይሁን። ፀሐይ ስትከርር ጥልቀት የሌለው ውሃ ይሞቃል፤ የሞቀ ውሃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,670 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከመጀመሪያውም ኦክስጅኑ ከቆላው ያንሳል። ደክሞ የተለቀቀ ዓሣ እኩለ ቀን ላይ ለማገገም ይቸገራል። «አንድ ሰዓት ብቻ ጨምሩልን» የሚል ሁልጊዜ ይኖራል። አትጨምሩ።

ከተያዘበት እስከሚለቀቅበት

ይህችን ክፍል አትማችሁ ለእያንዳንዱ ጥንድ ስጡ።

አንደኛ፣ ዓሣው እንደተያዘ ዳኛው መረቡንና ጣውላውን ውሃ ውስጥ ይነክራል። አጥማጁ ዓሣውን ሳያንገላታ ቶሎ ያመጣል።

ሁለተኛ፣ ዓሣው መረብ ውስጥ ሆኖ መረቡ ውሃ ውስጥ ይቆያል። መንጠቆው የሚነቀለው እዚያው ነው። እጅ አስቀድሞ ይርጠብ። ጓንት የለም፣ ፎጣ የለም። መንጠቆው ጠልቆ ከገባ መጎርጎር ክልክል ነው፤ ክሩ ከአፉ አጠገብ ይቆረጥና ይተዋል።

ሦስተኛ፣ አያያዙ እንደ ዓሣው ነው። ቆሮሶ ጀርባው ላይ የቆመ እሾህ አለው። እጃችሁን ከራሱ ወደ ጅራቱ አንሸራታችሁ እሾሁን አስተኙትና ያዙት፤ ከኋላ ከመጣችሁ መዳፋችሁን ይወጋችኋል። ቢልጫ አፉ ለስላሳ ነው፣ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ስለሆነ አይነክስም፤ ጅራቱን ከሥሩ በአንድ እጅ፣ ሆዱን በሌላው ደግፉ። አምባዛ ደግሞ ከስንጥቡ (ከመተንፈሻው) ኋላ በግራና በቀኝ የሚቆሙ ሁለት ጠንካራ እሾሆች አሉት፣ ያሙለጨልጫልም። እሱን ከመረቡ ባታወጡት ይሻላል፤ መረቡ ውስጥ እንዳለ በሜትር ለኩት። ከየትኛውም ዓሣ ስንጥብ ውስጥ ጣት የገባ እንደሆነ ነጥቡ ዜሮ ነው።

አራተኛ፣ መለካት። ዓሣው እርጥብ ጣውላ ላይ ይጋደማል፣ አፉ መደገፊያውን ይነካል፣ የጅራቱ ጫፍ ይነበባል፣ ፎቶ ይነሣል። ዳኛው ጮክ ብሎ እስከ አሥር ይቆጥራል። አሥር ሲል ዓሣው ውሃ ውስጥ መሆን አለበት፤ ፎቶው ቢበላሽም። በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ተመራማሪዎች ሙከራ ነበር። እስኪዝሉ ድረስ ከዋኙ ትራውቶች ውስጥ ከውሃ ሳይወጡ ከቀሩት 12 በመቶ ያህሉ ሞቱ። 30 ሴኮንድ አየር ላይ ከቆዩት 38 በመቶ፣ 60 ሴኮንድ ከቆዩት ደግሞ 72 በመቶ። ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፣ እኛ አገርም በባሌ ወንዞች ይገኛል፤ የጊቤዎቹ ከእሱ ይጠነክራሉ። አምባዛማ አየርም ይተነፍሳል። ቢሆንም አሥሩን ሴኮንድ ለሁሉም አንድ አድርጉት፤ ደንብ ሲበዛ ጭቅጭቅ ይበዛል።

አምስተኛ፣ መልቀቅ። ዓሣውን ቀጥ አድርጋችሁ ውሃ ውስጥ ያዙት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ አትወዝውዙት፤ ወደ ኋላ ሲጎተት ውሃው በስንጥቡ በተገላቢጦሽ ነው የሚገባው። ዝም ብላችሁ ደግፉት። የስንጥቡ ክዳን ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያችኋል። መጀመሪያ ቀስ ይላል፣ ከዚያ እኩል ይሆናል፣ ከዚያ ጅራቱ እጃችሁን ገፍቶ ይሄዳል። ዳኛው ካርዱ ላይ የሚጽፈው ያኔ ነው።

አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። መረብ ውስጥ የገባች ቆሮሶ ቢጫ ፍሬ መሳይ ነገር ወይም ደቃቅ ልጆች መትፋት ከጀመረች ጣውላው ይቅር። መንጠቆውን ነቅላችሁ መረቡን ውሃ ውስጥ እንዳለ ገልብጡላት። ለአጥማጁ 20 ነጥብ ያለ ልኬት ይሰጠው፤ ይህ ካልሆነ ሰው ለነጥቡ ሲል እንቁላሉን እንዳላየ ያልፋል።

ነጥብ

አንድ ሴንቲ ሜትር አንድ ነጥብ። ከ15 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ አይለካም፣ መረብ ውስጥም አይገባም፤ ውሃ ውስጥ እያለ ይለቀቃል። የሚደመሩት የእያንዳንዱ ሰው አምስት ትልልቅ ዓሦች ብቻ ናቸው። ጣሪያ ከሌለው አንዱ የቆሮሶ መንጋ ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ሲያወጣ ይውላል። በሕይወት ያልሄደ ዓሣ አሥር ነጥብ ይቀንሳል። የሞተውን ግን አትጣሉት፤ ለአጥማጆቹ ድስት ይሰጥ።

ገንዘብ አትሸልሙ። ገንዘብ ሲገባ ወዳጅነቱ ይወጣል። አሸናፊው የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይውሰድ፣ ሁለተኛው ማር። ጥሩ ዳኛ የነበረው ደግሞ በተወዳዳሪዎች ድምፅ ተመርጦ አንድ ኪሎ ቡና ያግኝ። ለዚህኛው ሽልማት ከሌሎቹ የበለጠ አጨብጭቡ።

ጤና

ውሃው ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ። በጅማ ዙሪያ ውሃዎች ቢልሃርዚያ አለ፤ የፕላስቲክ ቦቲ አድርጉና ከዳር ሆናችሁ ወርውሩ። የወባ ጉዳይ የታወቀ ነው፣ ግድቡ ዙሪያ ብዙ ጥናት የተደረገበት ነው። ረጅም እጅጌ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ እና ከምሽቱ በፊት መመለስ። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው «ድካም ነው» ብሎ አይተኛ፣ ይመርመር። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ውስጥ ፒንሳና አልኮል አይጥፋ።

ጣና ወይም ቆቃ ላይ የዋለ ቦቲና መረብ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሳይደርቅ ጊቤ አይገባም። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም በአንድ ቁራጭ ተክል ወይም በዘሩ ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። የተቆረጠ ናይለን ደግሞ እያንዳንዱ ሰው በኪሱ ይዞ ይመለስ፤ ወፎች እግራቸው ይተበተብበታል።

ውጤት ማሳወቅ

5 ሰዓት ላይ ፊሽካ ይነፋል። ያኔ ዓሣ እየታገለ ያለ ሰው ካለ ይጨርስ፣ ይቆጠርለታል። ካርዶቹን ሁለት ሰው ይደምር፣ ፎቶዎቹን ሌላ ሦስተኛ ሰው ያገናዝብ። ይህ ሲሆን አጥማጆቹ ዓሣውን ይጠብሳሉ፣ ጀበናው ይጣዳል። ክርክር ከተነሣ ውሳኔው የዕለቱ ዋና ዳኛ ነው፤ ዋና ዳኛው እንዳይወዳደር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ነጥብ እኩል ከመጣ በዓሣ ብዛት አትለዩ። ያንን አሮጌ ጎማ ከመኪናው አውርዱ፣ አሥራ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ አስተኙ፣ ሁለቱም ሦስት ሦስት ጊዜ ይወርውሩ። ብዙ ያስገባ በርጩማውን ይወስዳል። ሁለቱም አንድም ካላስገቡ፣ እስኪያስገቡ ድረስ ይቀጥሉ፤ ሚኒባሱ ግን 9 ሰዓት ላይ ይነሣል።